የገበያው ሠዓሊና የመቅደሱ ሥዕል

የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ በሥዕል ለመግለጥ የሚገባው ማን ነው? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሠዓሊው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ፥ ብዙ ጊዜም ዲያቆን ወይም ደብተራ የሆነ፥ ከመምህሩ የተቀበለውን ሥርዓት ጠብቆ የሚሠራ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የጎንደር ዘመን ሥዕል ሲመረመር ይህን መልስ የሚያወሳስብ ነገር ይገኛል። ከዘመኑ የወንጌል ሥዕሎች የአንዳንዶቹ መነሻ፥ በሮማ ከተማ ለማተሚያ ቤትና ለገበያ ይሠራ የነበረ የአንድ ፈረንጅ ሠዓሊ እጅ ነው።

ይህ ሰው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1555 በፍሎሬንስ ተወልዶ በ1630 በሮማ አረፈ። የግድግዳ ሥዕል ሠርቷል፤ ስሙን ያስጠራው ግን በብዙ ቅጂ እየታተመ የሚሸጠው የአደን፥ የፈረስና የጦርነት ሥዕል ነው። የሜዲቺ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 የዐረብኛ ወንጌል ባሳተመ ጊዜ ሥዕሎቹን እንዲነድፍ የተመረጠው እሱ ነበር፤ በእንጨት ላይ የቀረጸው ሊዮናርዶ ፓራዞሌ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ 149 ሥዕሎች ቢቈጠሩም፥ አንዱ የእንጨት ቅርጽ በልዩ ልዩ ገጽ ተደጋግሞ ታትሟል። ወጪ ለመቈጠብ የተደረገው ይህ ድግግሞሽ መጽሐፉ የጸሎት ፍሬ ብቻ ሳይሆን የንግድ ሥራም መሆኑን ይመሰክራል።

የቴምፔስታ ሥዕሎች በኢትዮጵያ እንደ ምሳሌ ማገልገላቸው በ17ኛው ምእት ዓመት መጻሕፍት ላይ ይታያል። ዡል ሌርዋ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፥ በለንደን በቍጥር 510 የምሥራቅ መጻሕፍት ክፍል የሚገኘውን የኢትዮጵያ ወንጌል ከሮማው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ የሥዕሎቹን ምንጭ አመልክቷል። የጥናቱ ጥቅም የማይካድ ነው። ነገር ግን ምንጭን ማግኘት ሥራን መተርጐም አይደለም። «ይህ ከዚያ ተቀድቷል» ብሎ የሚያቆም ሐያሲ፥ ቀጂው ምን እንደ ተወና ምን እንደ ጨመረ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ የሥዕሉ ጥበብ ግን ያለው በዚሁ ውስጥ ነው።

ቴምፔስታ ቦታን በርቀት ያሳያል፤ ከሰዎቹ ኋላ ከተማው፥ ዛፉና ተራራው እያነሰ ይሄዳል፤ ብርሃንና ጥላም በቀጫጭን መስመር ይለያያል። የጎንደሩ ሠዓሊ ርቀቱን አጥፍቶ ሰዎቹን ወደ ፊት አቀረባቸው፤ ጥቍርና ነጭ የነበረውን በቀይ፥ በቢጫና በሰማያዊ ሞላው፤ የልብሱን እጥፋት ወደ ትይዩ መስመሮች ለወጠው። ከሁሉ በላይ ፊትን በሥርዓት ለየ፤ ቅዱሳን በሁለት ዐይናቸው ተመልካቹን ሲያዩ፥ ክፉዎች በአንድ ወገን በአንድ ዐይን ይታያሉ። ለሮማው ሠዓሊ ጐን ለጐን መታየት የአቋም ጕዳይ ብቻ ነበር፤ በጎንደር ግን ፍርድ ሆነ። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ቆመ ወዲያው ያውቃል።

እርግጥ በዚህ ለውጥ የጠፋም ነገር አለ። የቴምፔስታ ሕዝብ ይገፋፋል፥ ይሮጣል፥ ይደነግጣል፤ የአደንና የጦርነት ሠዓሊነቱ እንቅስቃሴን አስተምሮታል። በኢትዮጵያው ሥዕል ይህ ሁካታ ይረጋል። ነገር ግን ዕርጋታው የችሎታ ማነስ ነው ማለት ስሕተት ነው። የታሪክ ሥዕል ለመቈም፥ ለመጸለይና ለመሳለም ወደሚሆን ሥዕል ሲለወጥ መርጋቱ ግድ ነው። በሮማ ካለችው ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕል ቅጂዎች ጋር የሆነውም ይኸው ነው፤ በኢየሱሳውያን እጅ መጥታ፥ ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖታቸውን ከተዉ በኋላ እንኳ ሥዕሏ አልተባረረችም። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ኢትዮጵያዊት ሆና ቀረች።

የዚህ ነገር ፍሬ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ደጋ አገር ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ሰብስበው፥ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መቅደላ ሲወድቅ መጻሕፍቱ ወደ እንግሊዝ ተጫኑ። የቴምፔስታን ሥዕል ያዋሐደው ወንጌልም ከመቅደላ የሄደ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከማኅደረ ማርያም ወይም ከቆማ ፋሲለደስ አጠገብ ያደገ ወጣት ሠዓሊ፥ የአባቶቹ እጅ የባዕድን ሥዕል እንዴት እንደ ገራው የሚማርበት መጽሐፍ በአጠገቡ የለም።

በአጠገቡ ያለው የታተመ ወረቀት ነው። በቺካጎ ለማስታወቂያ ሥራ ይስል የነበረው ዋርነር ሳልማን እ.ኤ.አ. በ1940 የሣለው የክርስቶስ መልክ በብዙ መቶ ሚሊዮን ቅጂ በዓለም ተሠራጭቷል፤ እንዲህ ያለ የማተሚያ ሥዕል በየቤቱ፥ አንዳንድ ጊዜም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይታያል። ሥዕሉ የገበያ ሰው ስለ ሣለው ብቻ አይነቀፍም፤ ቴምፔስታም የገበያ ሰው ነበርና። ነቀፋው ሌላ ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ የባዕዱን ሥዕል ተቀብሎ ሠራው፤ የዛሬው ሰው ግን ተቀብሎ ይለጥፈዋል። በመካከል የነበረው እጅ፥ መርምሮ የሚተወውና የሚለውጠው እጅ፥ ጠፍቷል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የፈረንጅን ሥዕል ማውገዝ አይደለም። በደጋው አብያተ ክርስቲያናት፥ በሸማ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አሮጌ ሥዕል በዘይት ቀለም ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የሠዓሊው ስም ይጠየቅ፤ ምንጩና ለውጡ ጐን ለጐን ይጻፍ። በለንደን ያሉት መጻሕፍት ቅጂም ለሥዕል ተማሪዎች ይድረስ። ሥርዓቱን የሚያውቅ እጅ ካለ፥ ከየትኛውም ገበያ የመጣ ሥዕል መቅደሱን አያስነውርም፤ እጁ ከሌለ ግን ከመንበሩ ፊት የተሣለው እንኳ የገበያ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።