መብትን የሚጠብቀው የማሻሻያ ክብደት ነው ወይስ የዳኛ ፊት? ስለ አንቀጽ 93 እና ስለ አሜሪካ ልምድ

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት የግለሰብን መብት ለመጠበቅ የመረጠው አንዱ መንገድ ማሻሻያን ማክበድ ነው። በአንቀጽ 105 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት መብቶቹን የያዘውን ምዕራፍ ሦስትን ለመንካት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንኳ ከግዛቶች የሦስት አራተኛውን ይሁንታ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲታሰር የነበረው ምዕራፍ ሦስት ተሻሽሎ አይደለም። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እየታወጀ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፤ የግለሰብ መብት የሚጠበቀው የመብቱ አንቀጽ ለመሻሻል አስቸጋሪ በመሆኑ ሳይሆን የተያዘው ሰው ዳኛ ፊት መድረስ በመቻሉ ነው፤ ሊሻሻል የሚገባውም አንቀጽ 93 ነው።

የአሜሪካ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቁት 10 ማሻሻያዎች የመብት ሰነድ ተብለው ይወደሳሉ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1833 በባረን እና በባልቲሞር ከተማ ክርክር ማሻሻያዎቹ የሚያስሩት የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። በግዛቱ ፖሊስ ወይም በግዛቱ ሕግ ለሚበደል ሰው ሰነዱ ፋይዳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ግዛቶችም ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት እንዳይነፍጉ ከለከለ። ያም ቢሆን ፍሬው የተለቀመው በብዙ አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ አንድ በአንድ፣ በፍርድ ቤት ነው። ድሃ ተከሳሽ በግዛት ፍርድ ቤት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብቱ የተረጋገጠው በጊዲዮን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። ማሻሻያው መብቱን ከጻፈው በኋላ ሥራውን የሠሩት አቤቱታ አቅራቢና ችሎት ናቸው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ እኛም መጥቷል። አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር በዝግጅቱ የተሳተፉበት የ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ ደነገገ። አሜሪካኖቹ በማሻሻያ ያገኙትን እኛ ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ተቀበልነው። ያንን አንቀጽ ግን ያሻሻለው ማንም አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ በአዋጅ ቁጥር 1 ሕገ መንግሥቱን በሙሉ አገደው፤ በኅዳር ወር 60 ያህል ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በአገራችን መብት የሚጠፋበት የተለመደው መንገድ እገዳ ነው። ማሻሻያን ማክበድ ብቻውን ለዚህ አደጋ መልስ አይሆንም።

አሁን ያለውን ጽሑፍ ቀረብ ብለን እንየው። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ግን አይቆጠርም። አርቃቂዎቹ ተራራማውን አገር አስበው የጻፉት ይመስላል። ከላሊበላ በላይ በገደል ተፈልፍላ ከተሠራችው ከአሸተን ማርያም አካባቢ አንድ ገበሬ ቢያዝ ሕጉ ቁልቁለቱን የሚወርድበትን ሰዓት ለፖሊስ ይተውለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ፖሊስ ካላቀረበው ንዑስ አንቀጽ 4 አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ሁሉ ወደ ጎን አደረገው። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና አዋጁ እስኪያበቃ አስሮ ማቆየትን ፈቀደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ለ4 ወራት ተራዘመ። ላሊበላ የምትገኝበት ላስታም ከክልሉ ጋር በዚህ ሥር ቆየ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 4(ሐ) በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም ያላቸው የአገሪቱን ስያሜ፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን፣ እኩልነትን የሚደነግገውን አንቀጽ 25ን፣ እንዲሁም አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2ን ነው። የሕይወት መብት፣ አንቀጽ 15፣ በዝርዝሩ የለም። ዳኛ ፊት መቅረብም የለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚያው ከላስታ ይመጣል፤ ክብደትም አለው። በ2013 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በወደቀች ጊዜ የነዋሪው ችግር መንግሥት መጥፋቱ ነበር፤ ጦርነት ባለበት አገር የፍርድ ቤት ቀጠሮ ቅንጦት አይደለም ወይ? መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። የሰዓት እላፊ ሊያውጅ፣ መንገድ ሊዘጋ፣ ስብሰባ ሊያግድ ይችላል። ዳኛ የእስረኛውን ስምና የታሰረበትን ምክንያት መጠየቁ ግን ሠራዊቱን ከግዳጁ አያስቀረውም። የአሜሪካ ልምድ እዚህ ላይም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ መነሻነት 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ካምፕ ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ ዜጎች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኮሬማትሱ ጉዳይ የማፈናቀሉን ትእዛዝ አጸደቀ፤ የመብት ሰነዱ አላዳናቸውም። በዚያው ቀን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1944 እ.ኤ.አ.፣ ያው ፍርድ ቤት በሚትሱዬ ኤንዶ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ላይ ታማኝነቷ የተረጋገጠን ዜጋ አስሮ ማቆየት እንደማይቻል ወሰነ። ታላላቆቹ ማሻሻያዎች ሳይረዱ ሲቀሩ የረዳው፣ ጦርነቱም ሳያልቅ፣ ያ አሮጌ አቤቱታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕግ ባለሙያዎች ነው። አንቀጽ 93 እንዲታገዱ የሚፈቅደው የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶችን ስለሆነ፣ አንቀጽ 15 እና 19 ደግሞ ሰብአዊ መብቶች በተባለው ክፍል ስለሚገኙ፣ በትርጉም ብቻ ሊጠበቁ ይችላሉ ይላሉ። ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ይጠቅሳሉ፤ ቃል ኪዳኑ የሕይወት መብትን በምንም ሁኔታ ማገድ አይፈቅድም። ንባቡ መልካም ነው፤ ልቤም ወደዚያው ያደላል። ችግሩ ያ ዝርዝር ከዚያው ክፍል አንቀጽ 18 እና 25ን ለይቶ መጥቀሱ ነው፤ ለይቶ ከጠቀሰ ሌሎቹን ትቷል የሚል መከራከሪያ በቀላሉ ይነሣል። ደግሞስ ማን ይተርጉመው? የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የላሊበላ ዳኛ አይደለም። አገር አቀፍ ምርጫው በተራዘመበት በ2012 ዓ.ም ምክር ቤቱ ጉዳዩን ከሳምንታት ክርክር በኋላ ሰኔ 3 ቀን ወሰነ፤ ውሳኔውም ሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት እንዲቆይ የሚያስችል ሆነ። እስር ቤት ያለ ሰው ይህን መንገድ መጠበቅ አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ አሁን ቢከፈት የክልሎች ድንበርም የመገንጠል መብትን የያዘው አንቀጽ 39ም አብረው ይነሣሉ የሚለው ሥጋት ይቀራል። የአሜሪካን የመብት ሰነድ ያረቀቁት ማዲሰንም እ.ኤ.አ. በ1789 ሁለተኛ ጉባኤ ተጠርቶ ሁሉም ነገር እንዳይናጋ ፈርተው ነበር፤ መልሳቸው የተወሰነ ዝርዝር ይዘው ኮንግረስ ፊት መቅረብ ነበር። ለእኛም መንገዱ ከሚገመተው በላይ ክፍት ነው። አንቀጽ 93 የሚገኘው ከምዕራፍ ሦስት ውጭ ስለሆነ በአንቀጽ 105 ንዑስ አንቀጽ 2 ይሻሻላል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ይህ ቀላልነት ለአደጋም በር ይከፍታል፤ በዚሁ ድምፅ አጭሯን ዝርዝር ይበልጥ ማሳጠር ይቻላልና። ስለዚህ ማሻሻያው ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፤ አንቀጽ 15ን እና አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 እና 4ን ወደ ዝርዝሩ ማስገባት፣ ከዚያም ዝርዝሩ ራሱ እንደ ምዕራፍ ሦስት በከባዱ ሥርዓት ብቻ እንዲለወጥ ማድረግ፤ ይህ ሁለተኛው አንቀጽ 105ን ራሱን ስለሚነካ የሁሉንም ክልሎች ስምምነት ይጠይቃል። በአንቀጽ 104 መሠረት ሐሳቡን ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው ሊያነሣው ይችላል። ከዚያም ለሕዝቡና ማሻሻያው ለሚመለከታቸው ወገኖች ለውይይት ይቀርባል። የላስታ ሕዝብ አዋጁ የወደቀበት ነውና ከሚመለከታቸው ወገኖች ቀዳሚው ሆኖ ሊጠየቅ ይገባዋል።