የጋራው ትምህርት፤ ለነጥብ ወይስ ለዕውቀት?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሙያው ውጭ ምን ማወቅ ይገባዋል? ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የጋራ ትምህርት ለዓመታት ከቀረ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ተሰጥቶ ነበር። መሐንዲስ የሚሆነውም ኢኮኖሚስት የሚሆነውም ሎጂክን፥ ሥነ ልቡናን፥ አንትሮፖሎጂን፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ እንዲማር ተወሰነ። ሙያ ብቻውን ሰውን ምሉእ አያደርገውምና አሳቡን እንደግፋለን፤ የምንነቅፈው አፈጻጸሙን ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት፥ ትምህርቱ እንደ ኬላ መቈጠሩ ነው። ተማሪው የሚመደብበት የትምህርት ክፍል በዚሁ ዓመት ውጤት ላይ ስለሚመሠረት፥ ሁላችንም የምናስበው ስለ ነጥቡ ነው። ሎጂክ የማመዛዘን ትምህርት ሲሆን፥ እኛ ግን የስሕተት ዐይነቶችን ስም ሸምድደን እንወጣለን። የሚጠይቅም የሚከራከርም እምብዛም የለም፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለውን ዘንግተናል።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ሞጁሉ በአገሪቱ ሁሉ አንድ በመሆኑ፥ መምህሩም ተማሪውም የሚኖሩበትን አገር ሳያዩ ያልፋሉ። ለምሳሌ አሶሳን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በአራት ወገን እንደሚከፈሉ እንማራለን። አራቱም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይነገራሉ፦ በርታ፥ ጉሙዝና ኮሞ ከናይሎ ሰሐራ፤ ሺናሻና ማኦ ከኦሞአዊ፤ ኦሮምኛ ከኩሻዊ፤ አማርኛ ከሴማዊ ይመደባሉ። ከዚያው ከአሶሳ አካባቢ የመጣ ተማሪ በገበያ ሲሰማው ያደገውን ነገር፥ በፈተና ወረቀት ላይ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ይጽፈዋል። በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ውሃውን የሚለካው መሐንዲስ በወንዙ ዳር የሚኖረውን የጉሙዝ ሕዝብ አኗኗር ማወቅ አይገባውምን? የጋራው ትምህርት የተፈለገው ለዚህ አልነበረምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ግዴታና ዕውቀት አብረው አይሄዱም ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፥ አብዛኞቹም በመምህርነት፥ ያገለግሉ ነበር። እርሱም ግዴታ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኝ ግዴታ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በአንትሮፖሎጂና በጂኦግራፊ ትምህርት፥ እያንዳንዱ ተማሪ ከፈተናው እኩሌታ ፈንታ ስለ አንድ ገበያ፥ ስለ አንድ መንደር ወይም ስለ አንድ ወንዝ ራሱ ጠይቆ ይጻፍ፤ በጓደኞቹም ፊት ቆሞ ይከራከርበት። የዚህም ጽሑፍ ነጥብ ለምደባ አይታሰብ። የተማሪው ብዛት ያስቸግራል ይባል ይሆናል፤ ችግሩን አንክድም። ነገር ግን ገበያው በእግር የሚደረስበት ነው፤ ሩቅ የሆነብን በሞጁሉ ውስጥ ብቻ ነው።