የጤና ሚኒስትሮች ሥልጠና በምን ይመዘን?

ለጤና ሚኒስትሮች የሚሰጥ የአመራር ሥልጠና ሲገመገም ቀድሞ የሚቀርበው ማስረጃ ሠልጣኞቹ በመጨረሻው ቀን የሚሞሉት መጠይቅ ነው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ምዘናን በአራት ደረጃ ከፍለውት ነበር፤ እርካታ፣ ዕውቀት፣ የአሠራር ለውጥና ውጤት። መጠይቁ ከመጀመሪያው አያልፍም፤ ለክብር እንግዳ የተደገሰ ሥልጠና ደግሞ የሚያስከፋበት ምክንያት እምብዛም የለም።

በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሚኒስትሮች መርሐ ግብር፣ ሚኒስትሩ በሥልጣን ዘመናቸው ሊያሳኩት የሚሹትን ግብ እንዲሰይሙ በማድረጉ ከዚህ የተሻለ ነው። የተሰየመ ግብ ይመረመራልና። ሆኖም የሥልጣን ዘመኑ ራሱ አጭር ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ሦስት የጤና ሚኒስትሮች ተሹመዋል። የእናቶችን ሞት የሚለካው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን የተካሄደው በ2000፣ በ2005፣ በ2011ና በ2016 ነበር። ልኬቱ ሲደርስ ሠልጣኙ ከወንበሩ ተነሥተዋል ማለት ነው።

ቢደርስስ ለማን ይቆጠራል? በ2011 ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 676 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ጥናት 412 ሆኗል። በዚህ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም፣ የመንገድ መስፋፋትና የለጋሾች ገንዘብ አለ፤ የጥቂት ቀናት ትምህርትን ድርሻ ከዚህ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ ገምጋሚው ሚኒስትሩ ከተሰናበቱ ከዓመት በኋላ ቢመለስ ይበጃል። ለግቡ የተመደበው በጀት ቀጥሏልን? ከወረዳ የሚላከውን ሪፖርት የሚያነብ አለን? መልሱንም ከሠልጣኙ ሳይሆን ከክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎችና ከጤና ጣቢያ አዋላጆች ይጠይቅ።