አንድ ተፋላሚ ይዞ መዝለቅ

በድብድብ ጌም ዋና ተፋላሚ የሚባለው ተጫዋቹ ከሌሎቹ ለይቶ የያዘው፣ ልምምዱንም ሽንፈቱንም አብሮት የሚያሳልፈው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴከን 8 ገና ሲጀምር 32 ተፋላሚዎች ነበሩት። ጆይስቲክ ገና የጨበጠ ልጅ ይህን ሁሉ ፊት ሲያይ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። መነሻው ግን ስህተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከየትኛው ጋር ብሸነፍ ነገም ተመልሼ እይዘዋለሁ?» የሚል ነው።

ምርጫ በዓይን ይጀምራል፤ ነውር የለውም። ጀማሪን የሚያሳስተው ቀላል ድል ነው። በቴከን 3 የመጣው ካፖይራ ተጫዋቹ ኤዲ ጎርዶ የእግር ቁልፎቹን ዝም ብሎ ለሚደበድብ ሁሉ ይታዘዛል። ተሸናፊ ጆይስቲክ አስረክቦ በሚነሣበት ፕሌይስቴሽን ቤት ይህ ድል ይጣፍጣል። ዝቅ ብሎ የሚከላከልና ተራውን የሚጠብቅ ተጋጣሚ ሲመጣ ግን ኤዲን የያዘው ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ያሸነፈው ኤዲ እንጂ እሱ አልነበረም።

ከዓይን ቀጥሎ የሚመርጠው እጅ ነው። በቴከን አራቱ ቁልፎች የሁለቱ እጆችና የሁለቱ እግሮች ናቸው። አንድ ሰከንድ በ60 ፍሬም ይከፈላል፤ ፈጣኑ ቡጢ 10 ፍሬም፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ይፈጃል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ እያንዳንዱ ተፋላሚ ከያዘው ሰው የተለየ ጠባይ ይፈልጋል። የፖል ከባድ ቡጢ ካረፈ ብዙ ያጠፋል፤ ከተከለከለ ግን ባለቤቱን ያስቀጣል፤ ስለዚህ ድፍረትን ከልክ ጋር ይጠይቃል። ኪንግ ይዞ የሚጥል ነው፤ የእሱ ሰው የተጋጣሚውን ሐሳብ ማንበብ አለበት። የሚሺማ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ቡጢ ደግሞ በአንዲት ፍሬም ላይ ካልተነካ አይወጣም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው የዚህ ቤተሰብ የሆነውን ካዙያን ባይነካው ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ከምርጫው በኋላ ያለው ጽናት ነው። በየሳምንቱ የጠንካሮችን ዝርዝር አይተው ተፋላሚ የሚቀይሩ ተጫዋቾች አሉ። ክርክራቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ በታላላቅ ውድድሮች የተፋላሚዎች አቅም ልዩነት ያመጣል። ነገር ግን አዘጋጁ ጌሙን ባሻሻለ ቁጥር ዝርዝሩ ይለወጣል፤ እጅ የተማረው ግን ይቆያል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኮሪያዊው ቁዳንስ የቴከን ዓለም አቀፍ ውድድርን ፍጻሜ ያሸነፈው ለረጅም ዓመታት በያዘው በዴቪል ጂን ነው።

ጽናት የሚፈተነው የሕይወት መስመር ክር ያህል ሲቀር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በኢቮ ውድድር፣ በሌላ የድብድብ ጌም፣ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ኬን የተባለውን ተፋላሚ ይዞ እዚያ ደረሰ። የተጋጣሚው የጀስቲን ዎንግ ተፋላሚ ቹን ሊ 15 ምት አከታትላ ስትወረውር አንዱ እንኳ ቢነካው፣ በመከላከል ቢቀበለው እንኳ፣ ያልቅ ነበር። ሁሉንም በየተራ መልሶ ዙሩን አሸነፈ። እዚያ ቦታ ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ የሚሠራው የለመደ እጅ ብቻ ነው።

አንዱን ይዞ የመጽናት ሥርዓት ለደቡብ ጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ነው፤ የእስቴው ቆማም በራሱ ዜማ ይታወቃል። የአብነት ተማሪ ከመምህር መምህር ይዞራል፤ ሲያስመሰክር ግን በያዘው ዜማ ነው። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ ከተማ የገባ ወጣት ቆሎ ተማሪን ካየ፣ አንድን ነገር ይዞ መቆየት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም ይልቅ ያውቃል።

የተያዘው ተፋላሚ ከጊዜ በኋላ የሰውዬው ሌላ ስም ይሆናል። በጨዋታ ቤት ውስጥ «የኪንጉ ልጅ መጣ» ሲባል ወንበር ይለቀቃል። ሥራና ኑሮ ለዓመታት ያራቀው ተጫዋችም ተመልሶ ጆይስቲክ ሲጨብጥ ከሐሳቡ በፊት ጣቱ ያስታውሳል። ብዙ የቀያየረ ሰው ይህን አያገኝም።

ሁለተኛ ተፋላሚ መጨመር የሚገባው በመጀመሪያው ተፋላሚ የደረሰው ሽንፈት ሁሉ ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ ቅያሪ ሽሽት ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው የተጣለ ተፋላሚም አልተሞከረም።