በአንድነት የተጠየቀ ድርሻ

በኒውዮርክ ጃክሰን ሃይትስ ሰፈር የቤንጋሊ ሳምንታዊ ጋዜጦች በግሮሰሪው ደጃፍ ይደረደራሉ። ብዙ አንባቢ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤትና የክትባት መረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያገኘው ከእነሱ ነው። እንዲህ ያሉ የስደተኛ ማኅበረሰብ ጋዜጦች የከተማውን ማስታወቂያ ለየብቻ ሲጠይቁ ሰሚ አልነበራቸውም። ከኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኃን ማዕከል ጋር ሲያብሩ ግን ተደመጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከንቲባ ቢል ደ ብላሲዮ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከኅትመትና ከዲጂታል ማስታወቂያ በጀታቸው ቢያንስ 50 በመቶውን ለማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኃን እንዲያውሉ አዘዙ፤ ትእዛዙም በ2021 ሕግ ሆነ። የኮቪድ ወረርሽኝ የሱቆችን ማስታወቂያ ባደረቀ ጊዜ ይህ ገንዘብ ደገፋቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። የተከፈለውም ምጽዋት ሳይሆን የአገልግሎት ዋጋ ነው። በውጭ ያላችሁ የአማርኛ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች፣ እናንተም ተባብራችሁ ጠይቁ።