ውጤት ከታየ በኋላ ሁሉም መራጭ ነው

እኛ አገር ኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። አንዱ ሩጫው ነው። ሌላው ሩጫው ካለቀ በኋላ በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲውና በየኤፍ ኤሙ የሚካሄደው «እገሌ ለምን ቀረ? እገሌ ለምን ገባ?» የሚለው ነው። ለሁለተኛው ማጣሪያ የለውም፤ አቋርጦ የሚወጣም የለም። እኔም ተሳታፊ ነኝ። ቅር የሚለኝ መከራከራችን ሳይሆን የምንመዝንበት ሚዛን ነው።

የወንዶች ማራቶንን ብቻ እንይ። ለአንድ አገር የሚፈቀደው ሦስት ሰው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 ቀነኒሳ በቀለ ለንደን ላይ በ2:06:36 ሦስተኛ ወጥቶ ለሪዮ ከሦስቱ ሳይካተት ቀረ። ከተመረጡት አንዱ ፈይሳ ሌሊሳ ብር ይዞ ሲገባ «ምርጫው ልክ ነበር» አልን። ከአንድ ወር በኋላ ቀነኒሳ በርሊንን በ2:03:03 ሲያሸንፍ ደግሞ «አላልንም ነበር?» አልን። የበርሊኑን ሰዓት ግን ምርጫው ሲካሄድ ማንም በእጁ አልያዘውም ነበር።

በ2021 ሌላ መንገድ መጣ። ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ፤ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው ቀነኒሳ የማጣሪያውን አካሄድ በይፋ ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀረ። ከቶኪዮ ሙቀት ሸሽቶ ሳፖሮ በተካሄደው ማራቶን ሦስቱም ሳይጨርሱ አቋረጡ። ጉድ ፈላ! ማጣሪያው ራሱ ተከሳሽ ሆነ። ሦስቱ ሩጫውን ቢጨርሱና አንዱ ሜዳሊያ ቢያጠልቅስ ኖሮ? ያው ማጣሪያ «ፍትሐዊ» ይባል ነበር፤ አንድ ሜትር ሳይቀየርበት።

በ2024 ማጣሪያው ቀረና በየከተማው ማራቶን የተመዘገበው ውጤት ታየ። ሲሳይ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ ተመረጡ፤ የ2023ቱ የኒው ዮርክ አሸናፊ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ሲሳይ ተጎዳ፣ ታምራት ገባ፤ ፓሪስን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ቀነኒሳ 39ኛ ወጣ። እንግዲህ መራጮቹ ልክ ነበሩ ወይስ ተሳሳቱ? አሸናፊውን ወንበር ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ ያም ሆኖ ከእጃቸው አላወጡትም። ወርቁ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

ከእኛ በጣም ከራቀ ስፖርት ምሳሌ ላምጣ፤ ከአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ። ከ2003 ጀምሮ ለወንዶቹ አገር አቀፍ ውድድር 16 ቡድኖች ይገባሉ። የየሊጉ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ያልፋሉ፤ የቀረውን ቦታ ለብዙ ዓመታት የሞላው ቡድኖችን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያወዳድር ስሌት ነው። ስሌቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ እርሳስ የያዘ ደጋፊ ሁሉ ኮሚቴው ከመናገሩ በፊት የሚገቡትን ያውቃቸው ነበር። በ2021 ግን በኮቪድ ምክንያት ሊጎቹ እርስ በርስ እምብዛም ስላልተጫወቱ ስሌቱ ዋጋ አጣ፤ ኮሚቴው በራሱ ግምገማ መረጠ። እዚያም ወዲያው «ለምን እነዚህ?» ተባለ።

ስሌት እንከን የለውም አልልም። ማጣሪያም ጨካኝ ነው፤ የአንድ ቀን የሆድ ቁርጠት የአራት ዓመት ድካም ይበላል። ዳሩ ግን ከደንብ ጋር የተጣላ ሰው ደንቡ እንዲስተካከል ይጠይቃል። ከመራጭ ጋር የተጣላ ሰው ምን ይጠይቃል? «የማን ዘመድ ነው? የየት አገር ልጅ ነው? ማናጀሩ ማን ነው?» እዚህ ላይ ስፖርቱ ያልቅና ሌላ ነገር ይጀመራል። ያ ሌላ ነገር ደግሞ እኛን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በሦስት ኦሊምፒክ መንገዱ ሁለት ጊዜ ተቀያይሯል። እኛ ተከራካሪዎቹም ከዚያ አንሻልም፤ የምንወደው ሯጭ ሰዓት ካለው «ሰዓት ይታይ»፣ ጉልበት ካለው «ማጣሪያ ይደረግ» እንላለን። የቀረው ልጅ ግን ሕይወቱ ነው። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። ቢያንስ ለምን እንደቀረ በጽሑፍ ሊያነበው፣ እሱን ያስቀረው ደንብም ስሙ ከመነሳቱ በፊት የተጻፈ ሊሆን ይገባል። ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ወጥቶ፣ ታትሞ፣ ለማንም ሲባል የማይነካ ደንብ። ከዚያ በኋላ ብንሸነፍም ተሸነፍን እንጂ ተበደልን አንልም።

ሎስ አንጀለስ በ2028 ነው። ክርክሩን ከአሁኑ እንጀምረው፤ የማንንም ስም ሳንጠራ።