ምድር ክብ ከሆነች ማን ይቀርልኛል?

«ቢሃይንድ ዘ ከርቭ»ን ያያችሁ ሰዎች ሁሌ የምታነሱት አንድ ትዕይንት አለ። ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚሉ ሰዎች 20 ሺህ ዶላር ገደማ አውጥተው የሌዘር ጋይሮስኮፕ ይገዛሉ። ምድር እንደማትዞር ሊያሳዩበት ነው። መሣሪያው ግን በሰዓት 15 ዲግሪ መዞር ይመዘግባል፤ ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ልክ የሚጠበቀው ቁጥር ማለት ነው። ቦብ ኖደል ውጤቱን አይቀበልም። የሰማይ ኃይል ነገር አሳስቶት ይሆናል ብለው መሣሪያውን የሚከልሉበት ዘዴ ፍለጋ ይገባሉ። እኛም እንስቃለን።

እኔ ግን ዳንኤል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ይህን ዘጋቢ ፊልም የምወደው ለሌሎቹ ትዕይንቶች ነው። ማርክ ሳርጀንት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ዊድቢ በምትባል ደሴት የሚኖር ጎልማሳ ነው። ስሙ የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ ይዞራል። በ2017 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ራሊ ከተማ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ሰው ይከበዋል፣ አብሮት ፎቶ ይነሣል። ከአዳራሹ ውጪ ስሙን የሚጠራው ስንት ሰው ነው? እዚያ ሰው እንደ ዘመድ ነው ሰላም የሚባባለው። ይህንን ሁሉ በአንድ የጋይሮስኮፕ ቁጥር ምክንያት ልቀቅ ማለት ከዕድር ውጣ እንደማለት ነው። ከዕድር የወጣ ሰው እኮ የሚተወው የወር መዋጮውን ብቻ አይደለም፤ ሐዘን ሲመጣበት ድንኳን የሚተክልለትንም ነው።

ፊልሙ ላይ ልቤን የነካችኝ ፓትሪሺያ ስቲር ናት። ከራሷ ወገን የሆኑ ሰዎች ሰላይ ናት ይሏታል። ማስረጃቸው ምን መሰላችሁ? ስሟ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ሲ፣ አይ፣ ኤ ናቸው። በቃ! ምንም ብታቀርብ እንደማያምኗት ትናገራለች። ከዚያ ለአፍታ፣ እኔስ እንደነሱ እሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ወዲያው ታባርረዋለች። ከጋይሮስኮፑ ይልቅ ይቺ አፍታ ትበልጥብኛለች። እዚህ የጎደላት ብልህነት አይደለም። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ብትከተለው ማታ ስልክ የምትደውልለት ሰው ላይኖራት ነው።

ፊልሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ስለ ሥነ ልቦናቸው የሚያብራሩልን ምሁራን ከነሱ ርቀው፣ ለብቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፤ አንዴ እንኳ አንድ ማዕድ ላይ አናያቸውም። የፊዚክስ ባለሙያው ላማር ግሎቨር ብቻ ነው እነዚህን ሰዎች መንገድ የሳቱ ተመራማሪዎች አድርጎ የሚያያቸው፤ በነሱ ማላገጥ ይበልጥ እንደሚያርቃቸውም የተረዳ ይመስላል። አዘጋጁ ግን ይህን ሐሳብ ሰምቶ ሲያበቃ መጨረሻውን ለሳቅ ይሰጠዋል።

መጨረሻው ላይ ጄራን ካምፓኔላ በቀዳዳዎች ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የምድርን ቅርጽ ይለካል። ብርሃኑ የሚታየው መብራቱን ከፍ ሲያደርጉት ብቻ ነው፤ ምድር ክብ ከሆነች መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ግራ የተጋባ ድምፁን እንሰማለን፣ ከዚያ ፊልሙ ያልቃል። ለሳቅ ጥሩ ሰዓት ነው። እኔ ግን ካሜራው ትንሽ ቢቆይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕቃቸውን ሰብስበው፣ መኪና ውስጥ ገብተው፣ የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደተናገረ ለማየት።